የ1951ዱ ኮሜዲ ከ1990ው ለምን ጠርቶ ይታያል? ስለ ፊልምና ቪዲዮ ቴፕ

ሁለት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲዎችን ጎን ለጎን ከፍታችሁ እዩ። አንዱ «አይ ላቭ ሉሲ» ይሁን። መታየት የጀመረው በ1951 ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሌላው ዊል ስሚዝን በየቤቱ ያስገባው «ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል ኤር» ይሁን። የ1990 ሥራ ነው፤ ቀለሙም ደማቅ ነው። በመካከላቸው 39 ዓመት አለ። በዛሬ ትልቅ ስክሪን ላይ ግን ጥርት ብሎ የሚታየው አሮጌው ነው። የሉሲ ቀሚስ እጥፋት፣ የመጋረጃው ጥለት፣ የፀጉሯ ጥቅልል ሁሉ ቁልጭ ይላል። አዲሱ ላይ ፊቶቹ ለስለስ፣ ጠርዞቹ ፈዘዝ ይላሉ። ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው ካለ ደግሞ ቀለሙ ከልብሱ ጠርዝ ፈሰስ ይላል።

ብዙ ሰው «ቅጂው አርጅቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ምክንያቱ እርጅና አይደለም። ሁለቱ የተቀረጹበት ነገር ይለያያል፤ ሉሲ በፊልም ነው የተቀረጸችው፣ ፍሬሽ ፕሪንስ በቪዲዮ ቴፕ። ከዚህ ተነስቶ «ፊልም ጥሩ፣ ቴፕ መጥፎ» የሚል ፍርድ በጣም ተለምዷል። እኔ ፍርዱ ግማሹ ብቻ ልክ ነው ባይ ነኝ። ቴፕ ዝርዝር በመያዝ ይሸነፋል። እንቅስቃሴ በመያዝ ግን ፊልምን በእጥፍ ይበልጠዋል። ዛሬ የድሮ ኮሜዲዎችን የሚያሰራጩልን ድርጅቶች ደግሞ አዘውትረው የሚጥሉት ይህንኑ ነው።

ፊልም ስል እዚህ ጋ ታሪኩን ማለቴ አይደለም። ፎቶ ቤት ወስደን እናሳጥበው የነበረውን ዓይነት ጥቅል ነው የምለው። በላዩ ላይ ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ ጥቃቅን የብር ውህድ ቅንጣቶች አሉ። የቴሌቪዥን ኮሜዲዎች በብዛት የተቀረጹት ለሲኒማ በሚውለው ባለ 35 ሚሊሜትር ጥቅል ነው። ካሜራው በሰከንድ 24 ፎቶ ያነሳል። እያንዳንዱ ፎቶ ራሱን የቻለ ኔጋቲቭ ነው። በዘመኑ ቴሌቪዥን ላይ ሲተላለፍ አብዛኛው ዝርዝር ይጠፋል፤ ስክሪኑ አይችለውም ነበር። ኔጋቲቩ ላይ ግን ዝርዝሩ እንዳለ ተቀምጧል። ከ60 ዓመት በኋላ የተሻለ ስካነር ሲመጣ ጥቅሉን ከመጋዘን አውጥቶ እንደገና ማንበብ ይቻላል። የ«አይ ላቭ ሉሲ» የመጀመሪያ ክፍሎች በ2014 በብሉሬይ ሲወጡ የሆነው ይሄ ነው። በ1951 ሳሎኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያያት ሰው ሉሲን በዚያ ጥራት አይቷት አያውቅም።

ቪዲዮ ቴፕ ፎቶ አያነሳም። ካሜራው የሚያየውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ የብረት ኦክሳይድ በተቀባ ፕላስቲክ ላይ እንደ ማግኔት ምልክት ይጻፋል። ምስሉ ገና ሲወለድ በመስመር ተቆራርጦ ነው የሚወለደው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን 525 መስመር ነበረው፤ ከዚያ ውስጥ ዓይን የሚያየው 480 ገደማ ነው። ቴፑ ላይ ያለው ያ ብቻ ነው። የፈለገ ስካነር ቢመጣ ከ480 መስመር በላይ የሚነበብ ነገር የለም። ቀለሙ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባለ ቀለም ስርጭት ሲፈጠር ቀለሙ ጥቁርና ነጩ ምስል በያዘው ቦታ ውስጥ ተጣቦ እንዲገባ ስለተደረገ ዝርዝሩ ከብርሃኑ ዝርዝር በጣም ያነሰ ነው። ያ ቀይ ልብስ ከጠርዙ የሚፈሰው ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ፊልም አሸንፏል። አሁን ወደ እንቅስቃሴው እንምጣ።

የድሮ ቪዲዮ 480ውን መስመር በአንድ ጊዜ አይዘውም። መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ጎዶሎዎቹን ይወስዳል። ቀጥሎ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ ሙሉዎቹን። እያንዳንዱ ግማሽ ምስል የተወሰደው በተለያየ ቅጽበት ነው። በሰከንድ 60 ግማሽ ምስል አለ፤ ስለዚህ በሰከንድ 60 የተለያዩ ቅጽበቶች አሉ። ፊልም 24 ብቻ ነው ያለው። ተዋናዩ እጁን ሲያወዛውዝ ፊልም ላይ እጁ በየፍሬሙ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ትንሽም ይዘላል። ቴፕ ላይ እጁ እንደ ውኃ ይፈሳል። ዜና፣ ኳስ፣ የቀጥታ ስርጭት ሁሉ የሚመጣልን በዚሁ ዓይነት ፍጥነት ነበር (አሜሪካ በ60፣ እኛ ዘንድ በ50)። ሲኒማ በ24። ከልጅነታችን ጀምሮ ዓይናችን ይህንን ስለለመደ 60ውን «አሁን የሚሆን ነገር» አድርጎ፣ 24ቱን «የሚተረክ ነገር» አድርጎ ይወስደዋል። አንድ ሰው ቴክኒኩን ምንም ባያውቅ እንኳ የድሮ የሰርግ ካሴት ካየ በኋላ ሲኒማ ቢገባ ልዩነቱ በሁለት ሰከንድ ይሰማዋል። ኮሜዲም ላይ ያው ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ መብራት ነው፤ እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሳሳታል። በሦስት ወይም በአራት ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚቀረጽ ኮሜዲ ከየትኛውም አቅጣጫ ፊት እንዲታይ መብራቱ እኩል መበተን አለበት። ጥላ የለም፣ ጨለማ ጥግ የለም። ይህ ወጥ መልክ በፊልም የተቀረጹትም ላይ አለ። እንግዲህ «ቴፕ ስለሆነ ነው እንዲህ ጠፍጣፋ የሆነው» የምንለው ብዙ ነገር የመብራቱ ሥራ ነው። የቴፕ የራሱ የሆነ ድክመት ደግሞ አለ። የ1970ዎቹ የስቱዲዮ ካሜራዎች በቱቦ ነበር የሚሠሩት። ኃይለኛ ብርሃን አይችሉም። የሚያብለጨልጭ ጌጥ ወይም የሻማ ነበልባል ሲንቀሳቀስ ከኋላው የብርሃን ጭራ ይጎትታል። ነጭ ሸሚዝ ከመጠን በላይ ከበራ እጥፋቱ ይጠፋና ባዶ ነጭ ይሆናል። ፊልም እንዲህ ያለውን ብርሃን ቀስ እያለ ነው የሚቀበለው።

ታዲያ ፊልም እንዲህ ከሆነ ለምን ሁሉም በፊልም አልቀረጸም? ለዚህ ወደ 1951 መመለስ ያስፈልጋል።

ያኔ ቪዲዮ ቴፕ አልነበረም። ኮሜዲ ማለት በብዛት የቀጥታ ስርጭት ነበር። ትልልቆቹ ፕሮግራሞች ከኒውዮርክ ይተላለፋሉ፤ ለሌላው አካባቢ የሚላከው ኪኔስኮፕ ነው። ኪኔስኮፕ ማለት የቴሌቪዥን ስክሪን ፊት የፊልም ካሜራ ተክሎ ስክሪኑን ራሱን መቅረጽ ነው። ውጤቱ የተጨማለቀ ነው። መስመሮቹ ይታያሉ፣ ፊቶች ወይ ይነጣሉ ወይ ይጠቁራሉ። የቴሌቪዥን ድርጅቱ ሲቢኤስ፣ ሉሲን የምትጫወተው ሉሲል ቦልና ባለቤቷ ዴሲ አርናዝ ኒውዮርክ ሄደው በቀጥታ እንዲሠሩ ፈለገ፤ አብዛኛው ተመልካች ምሥራቅ ነበርና ለእሱ ኪኔስኮፕ ማሳየት አልተፈለገም። ባልና ሚስቱ ግን ከሆሊውድ መውጣት አልፈለጉም። መፍትሔው በ35 ሚሊሜትር ፊልም፣ በሦስት ካሜራ፣ ተመልካች ፊት መቅረጽ ሆነ። ወጪው ከፍ ይላል። ባልና ሚስቱ ከሳምንታዊ ክፍያቸው 1,000 ዶላር እንዲቀነስ ተስማሙ። በምትኩ የፊልሞቹ ባለቤትነት የእነሱ ኩባንያ፣ የዴሲሉ፣ እንዲሆን ጠየቁ። ተሰጣቸው። የድጋሚ ስርጭት ገበያው ገና ስላልዳበረ ጥቅሎቹ ያን ያህል ዋጋ ይኖራቸዋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ካሜራውን እንዲመራ የመጣው ሰው ካርል ፍሮይንድ ነው። ጀርመን ውስጥ «ሜትሮፖሊስ»ን፣ ሆሊውድ ውስጥ የ1931ዱን «ድራኩላ» የቀረጸ ሰው ነው። የጥላ ሊቅ ነበር። ሉሲ ላይ የተጠየቀው ጥላ የሌለበት መብራት ነው። መብራቶቹን ከወለሉ አንስቶ ከላይ ሰቀላቸው፤ ካሜራዎቹ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ። ስቱዲዮው ውስጥ ያለው ቤት ግድግዳ በተለያየ ደረጃ ግራጫ ተቀባ፤ ጥቁርና ነጩ ልዩነት ከመጠን እንዳያልፍ። ዛሬም በሦስት ካሜራ የሚሠሩ ኮሜዲዎች መብራት የሚሰቅሉት ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ ነው።

የኪኔስኮፕንና የፊልምን ልዩነት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው «ዘ ሃኒሙነርስ»ን ይፈልግ። ኮሜዲያኑ ጃኪ ግሊሰን በ1955 እና 1956 ለሠራቸው 39 ክፍሎች ዱሞንት የሚባለው ኩባንያ ኤሌክትሮኒካም የሚል መሣሪያ አቅርቦ ነበር። የቴሌቪዥን ካሜራና የፊልም ካሜራ በአንድ አካል የተገጠሙበት ነው። ዳይሬክተሩ በቴሌቪዥኑ እያየ ይመርጣል፤ ፊልሙ ጎን ለጎን ይቀረጻል። ከዚያ በፊት በቀጥታ የተላለፉትን የእነዚሁ ገጸ ባሕርያት ቀልዶች ደግሞ ግሊሰን በኪኔስኮፕ አስቀምጧቸው ነበርና በ1985 ወጡ። ሰዎቹ ያው፣ ወጥ ቤቱ ያው፣ በረዶ ሳጥኑ ያው። 39ኙ ላይ የግሊሰን ፊት ላይ ያለው ላብ ይታያል። ኪኔስኮፑ ላይ ፊቱን ራሱን መለየት የሚያስቸግርበት ቦታ አለ።

ቴፕ የመጣው በ1956 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው አምፔክስ ኩባንያ ለገበያ የሚበቃ የመጀመሪያውን የቪዲዮ መቅጃ በሚያዝያ ወር ቺካጎ ላይ አሳየ። ቡድኑን የመራው ቻርልስ ጊንስበርግ ነው። ወጣቱ ሬይ ዶልቢም አብሮት ነበር፤ በኋላ በድምፅ ስሙ የገነነው ዶልቢ ማለት ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ድምፅ ለመቅዳት ቴፑ በቋሚ መቅጃ ራስ (ማግኔቱን በሚጽፈው ክፍል) ፊት ቢያልፍ ይበቃል። የምስል መልእክት ግን በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ንዝረት አለው። ቴፑን በዚያ ልክ ላሩጠው ቢሉ ጥቅሉ በደቂቃዎች ያልቃል። እነሱ ቴፑን ትተው ራሶቹን አሽከረከሩ። አራት መቅጃ ራሶች በደቂቃ 14,400 ጊዜ እየዞሩ 2 ኢንች ስፋት ያለውን ቴፕ በአግድሙ ይጽፉበታል። በዚያው ዓመት ኅዳር 30 ሲቢኤስ የዜና ፕሮግራሙን በዚህ ማሽን ቀድቶ ለምዕራቡ አሰራጨ። ማጠቢያ ቤት የለም፣ ጥበቃ የለም። ቀድተህ ወዲያው ማየት ነው።

ቆርጦ መቀጠሉ ግን መከራ ነበር። ምስሉ በዓይን ስለማይታይ ባለሙያው ቴፑ ላይ የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ይቀባል፤ የማግኔቱ መስመሮች ብቅ ይላሉ። በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ በምላጭ ቆርጦ ይለጥፋል። በ1968 የጀመረው «ላፍ ኢን» በፈጣን ቁርጥራጭ ቀልዶቹ የታወቀው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። የዛሬ ኤዲተር በሁለት ጠቅታ የሚጨርሰውን እነሱ በእጃቸው ነበር የሚሠሩት፤ ምስጋናቸውን አላገኙም ብዬ አምናለሁ።

ኮሜዲን ወደ ቴፕ የጎተተው ፕሮዲዩሰሩ ኖርማን ሊር ነው። «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» በጥር 1971 ሲቢኤስ ላይ ጀመረ። አርቺ በንከር የሚባል ቁጡና ጭፍን አባወራ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ዘር፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሃይማኖት ይጨቃጨቃል። የሚቀረጸው ተመልካች ፊት፣ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከሁለቱ የተሻለው ይመረጣል። በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ ተመልካች ፊት በቴፕ እንደተቀዳ በድምፅ ይነገራል። ርካሽነቱ አንድ ምክንያት ነው። ለእኔ ግን ዋናው ሌላ ነው። አርቺ ሲጮህ በ60 ቅጽበት ሲታይ ጎረቤት ያለ ሰው ነው የሚመስለው። ያ ድራማ በፊልም ቢቀረጽ ኖሮ ያን ያህል ባልቆነጠጠ ነበር።

በ1973 መጨረሻ የነበረውን የሲቢኤስ የቅዳሜ ምሽት ተመልከቱ። መጀመሪያ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» በቴፕ። ቀጥሎ «ማሽ» በፊልም፣ ያውም በአንድ ካሜራ፣ እንደ ሲኒማ። ከዚያ የሜሪ ታይለር ሙር ሾው፣ ከዚያ የቦብ ኒውሃርት ሾው፣ ሁለቱም በፊልም። መዝጊያው የካሮል በርኔት ሾው፣ በቴፕ። ተመልካቹ ሶፋው ላይ እንዳለ በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ የምስል ዓለም ይቀይር ነበር። ቀልዱም አብሮ ይቀየራል። የሜሪ ታይለር ሙር ቢሮ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የራቀ፣ የተዋበ ነው። የአርቺ ሳሎን ቅርብና ጠንካራ ነው።

አንዳንዴ ውሳኔው ከመልክ ጋር ምንም አይገናኝም ነበር። የሜሪ ታይለር ሙር ኩባንያ ፊልም ወዳድ ቢሆንም በ1978 የጀመረውን «ደብሊው ኬ አር ፒ ኢን ሲንሲናቲ» በቴፕ ቀረጸው። ታሪኩ ስለ ሬዲዮ ጣቢያ ስለሆነ የእውነት ዘፈኖች ያስፈልጋሉ፤ ለቴፕ ፕሮግራም ደግሞ የዘፈን ፈቃድ ክፍያው ይቀንስ ነበር። በ1982 የጀመረው «ኒውሃርት» የመጀመሪያ ዓመቱን በቴፕ፣ የቀረውን በፊልም ነው የሠራው። ሁለቱን ዓመታት አከታትሎ ማየት የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ያስረዳል።

እንግሊዞቹ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ቀላቀሏቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው በቴፕ፣ ውጭ ያለው ባብዛኛው በ16 ሚሊሜትር ፊልም፤ የቪዲዮ ካሜራ ውጭ ይዞ መውጣት ከባድ ስለነበር። በ1975ቱ «ፎልቲ ታወርስ» ጆን ክሊስ ሆቴሉ ውስጥ ሲራወጥ ቴፕ ነው። መንገድ ላይ የቆመችበትን መኪና በዛፍ ቅርንጫፍ ሲገርፋት ፊልም ነው። እንቅስቃሴው፣ ቀለሙ፣ ድምፁ ሳይቀር ይቀየራል፤ የእንግሊዝ ተመልካች ግን ለምዶት ዝም ይላል። ዝም ያላሉት ሞንቲ ፓይተን የሚባለው የኮሜዲ ቡድን ሰዎች ናቸው። በ1970 በሠሩት አንድ ቀልድ ሰውየው በር ከፍቶ ሲወጣ ፊልም ላይ እንዳለ ያውቃል። ደንግጦ ይመለሳል። በሌላ በር ይሞክራል፣ እዚያም ፊልም ነው። ክፍሉ በፊልም ተከቧል ብሎ ለጓደኞቹ ያረዳቸዋል።

የቴፕ ትልቁ ጉዳት ግን መፍዘዙ አይደለም። መደምሰስ መቻሉ ነው። ቴፕ ውድ ነበር፤ እንደገናም ይቀዳበታል። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ስንትና ስንት ኮሜዲ ደምስሶ ሌላ ቀዳበት። «ዳድስ አርሚ» የተባለው ተወዳጅ ኮሜዲ እንኳ ሦስት ክፍሎቹ እስከ ዛሬ የሉም። ከቀሩት አንዱ፣ በ1969 በቀለም የተሠራው «ሩም አት ዘ ቦተም»፣ የተረፈው በጥቁርና ነጭ የፊልም ቅጂ ብቻ ነበር። መሐንዲሶች ቅጂውን በቅርበት ሲያዩት ምስሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አገኙ። ቅጂው ሲሠራ የቀለሙ መልእክት ሳይጣራ አብሮ ስክሪኑ ላይ ስለነበር ነጠብጣቡ ጥቁርና ነጩ ፊልም ላይ ታትሞ ቀርቷል። ከነጠብጣቡ ተነስተው በኮምፒውተር ቀለሙን መለሱት፤ በ2008 በቀለም ታየ። በዚህ ሙያ ውስጥ እንደዚህ የሚያስደስተኝ ታሪክ የለም።

ዛሬስ? በፊልም የተቀረጹት «ቺርስ»ም «ፍሬንድስ»ም በኤችዲ አምረው ወጥተዋል። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘመናዊ ስክሪን እንዲሞላ ተብሎ የምስሉ ላይና ታች ይቆረጣል። «ሳይንፌልድ» በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲመጣ፣ ስለ መንገድ ጉድጓድ የሚያወራው ክፍል ላይ ጉድጓዱ ራሱ ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። ተዋናዩ ወደ ታች እያየ ይናገራል፤ የሚያየው ነገር የለም።

በቴፕ የተቀረጹት ላይ የሚደርሰው ይብሳል። ባለፉት ዓመታት አንዳንዶቹን በሰው ሠራሽ አስተውሎት «ለማጥራት» ተሞክሯል። በ2025 «ኤ ዲፈረንት ወርልድ» እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ ከኋላ ያሉ ሰዎች ፊት ተጣሞ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ የማይነበብ ሆኖ ታየ። ማሽኑ ቴፑ ላይ የሌለውን ዝርዝር ከራሱ ስለሚፈጥር ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ማንም የማያወራበት ነው። 60ውን ግማሽ ምስል ወደ 30 ሙሉ ምስል ሲለውጡ ከየሁለቱ ቅጽበት አንዱ ይጣላል። የአርቺ እጅ አይፈስም፤ ይዘላል። የቴፕ ብቸኛ ብልጫ ይወሰድና ድክመቱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ተመልካቹ «የድሮ ቴፕ አስቀያሚ ነው» ይላል። አላየውማ!

ቤታችን ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ በተቃራኒው ያጠፋል። አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በፊልም 24 ምስሎች መካከል ያልነበሩ ምስሎችን ፈጥረው ያስገባሉ። ሳምሰንግ ኦቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎው ይሉታል። «ፍሬንድስ»ን ከፍታችሁ እንደ ዜና ስቱዲዮ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የእሱ ነው። ቶም ክሩዝ በ2018 ይህንኑ አጥፉት ብሎ ቪዲዮ ለቆ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፣ ወይም ፊልምሜከር ሞድ ካለው እሱን ምረጡ።

በቴፕ ለተቀረጹት ግን ሴቲንግ ብዙም አይረዳም፤ የተጣለው ቅጽበት እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው የተጣለው። የድሮው ዲቪዲ ላይ ግን ባብዛኛው 60ውም አለ። ዲቪዲ ምስሉን በዚያው በግማሽ በግማሹ ነው የሚያስቀምጠው። የእነ አርቺ ወይም የፍሬሽ ፕሪንስ ዲቪዲ መደርደሪያችሁ ላይ ካለ አትጣሉት፤ ኢንተርኔት ላይ ካለው ይልቅ እሱ ወደ ዋናው ቴፕ የቀረበ ነው።